የካንሰር ህመም፣ ነርቭ ብሎክ እና ሮቦቱ፦ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል። በስልክ የሚዘዋወር አንድ ቪዲዮ አለ፤ ሮቦት በብረት እጁ መርፌ ይዞ የታማሚ ጀርባ ላይ ሲያነጣጥር ያሳያል። ከስሩ "የካንሰርን ህመም በአንድ መርፌ የሚያጠፋ ሮቦት" የሚል ጽሑፍ አለው። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ "ዶክተር፣ እናታችን የቆሽት ካንሰር አለባት። ሌሊት አትተኛም። ቤቱን ሸጠን ህንድ እንውሰዳት ወይ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሁለት መስመር አይመለስም። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ። አጭሩን መልስ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ህመሙን የሚያስታግሰው ሮቦቱ አይደለም። የሚያስታግሰው ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው ነርቭ ላይ፣ በጊዜው መድረሱ ነው። ሮቦት መርፌውን ለማነጣጠር ከሚያግዙ መሣሪያዎች አንዱ ብቻ ነው። ይህን ከተረዳችሁ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም የት ማዋል እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ካንሰር ለምን ያማል?

ሁሉም የካንሰር ህመም አንድ ዓይነት አይደለም። ሐኪማችሁ "የት ያምሃል? እንዴት ነው የሚያምህ?" እያለ ደጋግሞ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

👉 የአጥንትና የሥጋ ህመም፦ ቦታው በጣት ይጠቆማል፤ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል። ካንሰር ወደ አጥንት ሲሰራጭ የሚመጣው እንዲህ ያለው ነው።

👉 የውስጥ አካል ህመም፦ ጥልቅ ነው፣ ይጨመድዳል፣ "እዚህ ጋ" ብሎ ለመጠቆም ያስቸግራል። የቆሽት ካንሰር ህመም ብዙ ጊዜ ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ወደ ጀርባ ይወጋል። በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፣ ወደፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ትራስ አቅፎ፣ አጎንብሶ ተቀምጦ የሚያድር ታማሚ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

👉 የነርቭ ህመም፦ ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል። ዕጢው ነርቭ ሲጫን ወይም አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ነርቭ ሲጎዱ ይመጣል።

አንድ ታማሚ ሦስቱም በአንድ ላይ ሊኖሩበት ይችላሉ። ነርቭ ብሎክ የሚሠራው ህመሙ በዚያ ነርቭ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ "ሆዷን ያማታል" ከማለት አልፎ ዝርዝሩን መናገር ትልቅ ዋጋ አለው።

🔹 መጀመሪያ ኪኒኑ በአግባቡ ይሰጥ

የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ስለ ካንሰር ህመም ያወጣው መመሪያ ዛሬም በብዙ ሐኪሞች ዘንድ "መሰላሉ" እየተባለ ይታወቃል። ለቀላል ህመም እንደ ፓራሲታሞል ያሉ፣ ለመካከለኛ እንደ ኮዴን ያሉ፣ ለከባድ ህመም ደግሞ ሞርፊን። ድርጅቱ በ2018 መመሪያውን አሻሽሏል፤ ዛሬ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ መውጣት ግዴታ አይደለም። ህመሙ ከመጀመሪያውም ከባድ ከሆነ በሞርፊን መጀመር ይቻላል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ቤተሰብ "ሞርፊን ከተጀመረማ በቃ አለቀላት" ብሎ ያስባል። ሌላው "ሱስ ያስይዛታል" ብሎ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቆ ያስቀምጣል። እናትየው በህመም እየተሰቃየች መድኃኒቱ አጠገቧ ተቀምጧል ማለት ነው።

እውነታው ይህ ነው፦

✔ ሞርፊን የመጨረሻ ቀን መድኃኒት አይደለም። ለወራት፣ ሲያስፈልግም ለዓመታት የሚወስዱት አሉ።

✔ ለካንሰር ህመም በሐኪም ክትትል ሲወሰድ ሱስ ዋናው ስጋት አይደለም። ሰውነት መድኃኒቱን ስለሚለምድ ግን በድንገት አይቋረጥም፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

✔ "ሲያማት እንሰጣታለን" አይሠራም። ፈጣኑ ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ በሰዓቱ ይሰጣል። በመሃል ለሚነሳ ህመም የሚሆን ተጨማሪ መጠን ደግሞ ሐኪሙ ለብቻ ያዝዛል።

✔ የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ይህ ችግር እንደ ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀናት ውስጥ አይጠፋም። ስለዚህ የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ።

✔ ከፋርማሲ በራሳችሁ ዳይክሎፌናክ እየገዛችሁ በላዩ ላይ አትደራርቡ። ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

መጠኑ ተስተካክሎ፣ በሰዓቱ ተወስዶ፣ አሁንም ህመሙ ካልተቻለ፣ ወይም የመድኃኒቱ እንቅልፍና ማቅለሽለሽ ከህመሙ ባልተናነሰ ካስቸገረ የነርቭ ብሎክ ወሬ ይነሳል።

🔹 ነርቭ ብሎክ ምንድነው?

ቤት ውስጥ እሳት ተነስቶ የማንቂያ ደወል ይጮሃል እንበል። ነርቮች ከእሳቱ ወደ ደወሉ የሚሄዱ ገመዶች ናቸው፤ ደወሉ አንጎል ውስጥ ነው። ነርቭ ብሎክ ማለት ገመዱን መንገድ ላይ ማቋረጥ ነው። ጩኸቱ ይቀንሳል። ግን ልብ በሉ፣ ገመዱ ተቋረጠ ማለት እሳቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ነርቭ ብሎክ ካንሰሩን አያክምም፣ ዕጢውን አያሳንስም። ሥራው ሰው እንዲተኛ፣ እንዲበላ፣ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያወራ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወጋል፦

1. የሚያደነዝዝ፦ እንደ ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን ያሉ። የሚቆየው ለሰዓታት ነው። "ህመሙ በእርግጥ በዚህ ነርቭ በኩል ነው የሚመጣው ወይ?" ብሎ ለመፈተንም ያገለግላል።

2. ነርቩን የሚያከስም፦ ጠንካራ የሕክምና አልኮል ወይም ፌኖል። ይህ ለወራት ይቆያል፤ በሆድ ላይ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ገደማ። ነርቩ መልሶ ሊያድግ፣ ካንሰሩም ሊስፋፋ ስለሚችል ህመሙ ሊመለስ ይችላል። ያኔ መድገም ይቻላል።

🔹 የትኛው ነርቭ ለየትኛው ህመም?

👉 የላይኛው ሆድ (ቆሽት፣ ጨጓራ፣ ጉበት፣ የሐሞት ቱቦ)፦ ሴሊያክ ፕሌክሰስ የሚባል የነርቭ መረብ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ሆድ ውስጥ ሲገባ ከፊቱ ተጠምጥሞ ይገኛል፤ ቦታው የደረት አከርካሪ አልቆ የወገቡ የሚጀምርበት ላይ ነው። ይህን ነርቭ በጀርባ በኩል ማደንዘዝን ጀርመናዊው የቀዶ ሐኪም ማክስ ካፒስ በ1914 አስተዋውቋል። አያችሁ? ዘዴው ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲሱ ነገር ሮቦቱ ነው።

👉 የታችኛው ሆድ (የማህጸን በር፣ የሽንት ፊኛ፣ ፕሮስቴት፣ የትልቁ አንጀት መጨረሻ)፦ ሱፐርየር ሃይፖጋስትሪክ ፕሌክሰስ። ከመጨረሻው የወገብ አከርካሪ ፊት ለፊት ነው ያለው። ለካንሰር ህመም መዋል የጀመረው ሜክሲኮ ውስጥ በዶክተር ሪካርዶ ፕላንካርቴ ሥራ ሲሆን ውጤቱ በ1990 ታትሟል። የማህጸን በር ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ስለሆነ ይህኛው እኛን በቅርበት ይመለከተናል።

👉 በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለ የሚያቃጥል ህመም፦ ጋንግሊዮን ኢምፓር የሚባል፣ በአከርካሪው ታችኛው ጫፍ ፊት ለፊት ያለ ነጠላ የነርቭ ቋጠሮ።

👉 የጎድን አጥንት ህመም፦ በጎድን አጥንቶች መካከል የሚሄዱት ነርቮች።

🔹 ሐኪሙ በምን እያየ ነው የሚወጋው?

ሴሊያክ ፕሌክሰስ አጠገብ ማን ማን እንዳለ አስቡት፦ ትልቁ ደም ቅዳ፣ ኩላሊቶች፣ ከላይ የሳንባ ጫፍ፣ ለህብለ ሰረሰር ደም የሚያደርሱ ቀጫጭን የደም ስሮች። መርፌው ረጅም ነው፣ መንገዱ ሰያፍ ነው። በግምት የሚገባበት ቦታ አይደለም። ለዚህ ነው "በምስል የታገዘ" የሚባለው።

• ሲ-አርም፦ እንደ ቪዲዮ የሚታይ ራጅ። አጥንትንና መርፌን በደንብ ያሳያል፤ ለስላሳ አካላትን ግን አያሳይም።

• ሲቲ ስካን፦ ደም ስሩን፣ ቆሽቱን፣ ዕጢውን ሁሉ ለይቶ ያሳያል።

• አልትራሳውንድ፦ ጨረር የለውም፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ወዲያው ያሳያል። ጥልቅ ቦታና ጋዝ የበዛበት ሆድ ግን ያስቸግረዋል።

• በኢንዶስኮፒ ጫፍ ላይ ያለ አልትራሳውንድ፦ በአፍ ገብቶ ከጨጓራ ውስጥ ሆኖ ይወጋል፤ ነርቩ ከጨጓራው ጀርባ ቅርብ ስለሆነ።

በጀርባ በኩል ሲሠራ አካሄዱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ታማሚው ምግብ ሳይበላ ይመጣል፤ ግፊቱ እንዳይወርድ በደም ስር ፈሳሽ ይሰጠዋል። በሆዱ ይተኛል፣ ቆዳው ይደነዝዛል። ሐኪሙ በምስል እያየ መርፌውን ያስገባል። ቦታው ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ በምስል የሚታይ ከንትራስት ይወጋል። ፈሳሹ በተፈለገው ቦታ ከተሰራጨና ደም ስር ውስጥ ካልገባ ብቻ አልኮሉ ይከተላል። ከአልኮሉ በፊት ምስሉን ማየት የማይታለፍ ጥንቃቄ ነው።

🔹 እሺ፣ ሮቦቱስ?

ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው ራሱ አስቦ፣ ራሱ ወስኖ የሚወጋ ማሽን ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ መርፌው የሚገባበትን ቆዳና የሚደርስበትን ነጥብ ይመርጣል፤ ኮምፒውተሩ አቅጣጫውንና ጥልቀቱን ያሰላል፤ የብረት እጁ በዚያ አቅጣጫ ሳይንቀጠቀጥ ይቆማል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች መርፌውን የሚገፋው የሐኪሙ እጅ ነው። በሌሎቹ ደግሞ ሐኪሙ በጆይስቲክ ያዛል። ህንድ ቼናይ ውስጥ የተሠራው ማክሲዮ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ አቅጣጫ ይይዛል፣ ሐኪሙ ያስገባል።

ማስረጃውስ ምን ይላል? ሁለት ጥናቶች ልጥቀስላችሁ።

በዋሽንግተን የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጥናት 20 የጀርባ ህመምተኞችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሐኪሙ በእጁ፣ ግማሹን በጆይስቲክ በሚታዘዝ ሮቦት ወጓቸው። ሮቦቱ ሥራውን መሥራት ቻለ፤ ትክክለኛነቱ ከሰለጠነ እጅ ጋር ተቀራራቢ ነበር።

ካናዳ ውስጥ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ በ2013 ባሳተመው ሥራ በ13 ሰዎች ላይ ከጉልበት ጀርባ ያለውን ነርቭ በአልትራሳውንድ እያየ በሮቦት አደንዝዟል፤ ተሳክቶላቸዋል።

ልብ በሉ፦ ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፣ ሁለቱም በካንሰር ታማሚዎች ሆድ ላይ የተሠሩ አይደሉም። ያሳዩት ሮቦት መርፌን በትክክል ማድረስ እንደሚችል ነው። "በሮቦት የተወጋች እናት በሰለጠነ ሐኪም እጅ ከተወጋችው የበለጠ ትተኛለች" የሚል ነገር ከእነሱ አይወጣም።

ጥቅም የለውም እያልኩ ግን አይደለም። መንገዱ ጥልቅና ሰያፍ ሲሆን መርፌ እያወጡ እየመለሱ መሞከርን ሊቀንስ ይችላል። እጅ ይደክማል፣ ብረት አይደክምም። ሐኪሙ ከጨረሩ ራቅ እንዲልም ይረዳል። ግን ታማሚ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ የሆድ ዕቃ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ያን የሚከታተል ሐኪም የግድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ዋጋው ውድ ነው።

🔹 ምን ያህል ያስታግሳል?

ስለ ብሎኩ ራሱ ያለው ማስረጃ ስለ ሮቦቱ ካለው በጣም ይበልጣል። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በ2004 የታተመ ጥናት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል የቆሽት ካንሰር ያለባቸውን 100 ሰዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ የሴሊያክ ብሎክ፣ ግማሾቹ የማስመሰያ መርፌ ወሰዱ፤ ሁሉም የህመም መድኃኒታቸውን ቀጠሉ። ብሎኩን ያገኙት ህመማቸው የበለጠ ቀነሰ። ዕድሜ ግን አላራዘመም። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ የሞርፊን መጠንና የሆድ ድርቀት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ የምንጠብቀው ይህን ነው፦ ብዙዎች መድኃኒት ይቀንሳሉ፤ ሁሉም ግን አያቆሙም።

ሌላው በጣም የምወደው ጥናት በ2011 ከሞንትሪያል የወጣው ነው። ወደ 100 ከሚጠጉ የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች መካከል ለግማሾቹ ብሎኩን የሠሩላቸው ሁሉም ነገር ከተሞከረ በኋላ ሳይሆን፣ በሽታው በኢንዶስኮፒ በታወቀበት በዚያው ጊዜ ነው። ከ3 ወር በኋላ እነዚህ ሰዎች ካልተሠራላቸው ያነሰ ህመም ነበራቸው።

ይህ ምን ይነግረናል? ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ብዙ ሰው ስለ ብሎክ የሚሰማው ታማሚው አልጋ ላይ ከወደቀ፣ ደሙ አልረጋ ካለ፣ በሆዱ መተኛት ካቃተው በኋላ ነው። ያኔ የዓለም ምርጡ ሮቦት ቢመጣም ላይጠቅም ይችላል።

🔹 ጉዳቱስ?

ብዙ ጊዜ የሚታዩት፦ ሲነሱ የደም ግፊት መውረድና ማዞር፣ ለጥቂት ቀናት ተቅማጥ፣ የተወጋበት ቦታ ህመም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታማሚው ብቻውን ከአልጋ አይነሳ።

አልፎ አልፎ፦ መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ወይም የኩላሊት መወጋት።

በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ፦ የእግር ሽባነት። በእንግሊዝና ዌልስ የተሠሩ 2730 የሴሊያክ ብሎኮችን የቃኘና በ1993 የታተመ ጥናት ይህ በ4 ሰዎች ላይ እንደደረሰ መዝግቧል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ፈርማችሁ ከመስማማታችሁ በፊት ማወቅ መብታችሁ ነው።

የደም መርጋት ችግር ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ወይም የሚወጋበት ቦታ ላይ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ደም ማቅጠኛውን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

🔹 ቤት ከመሸጣችሁ በፊት የሚጠየቁ 6 ጥያቄዎች

1. የህመም መድኃኒቱ መጠን በትክክል ተስተካክሏል? አሁን ያለውን ሐኪም ይህን ጠይቁ፤ ይህ አውሮፕላን አያስፈልገውም።

2. ይህ ህመም በብሎክ የሚታገዝ ዓይነት ነው? የትኛው ነርቭ ነው? የአጥንት ህመም ከሆነ የጨረር ሕክምና ሊሻል ይችላል።

3. እዚሁ ሀገር ውስጥ በሲቲ ስካን፣ በሲ-አርም ወይም በአልትራሳውንድ ይህን መሥራት የሚችል የሰመመን ሐኪም ወይም ራዲዮሎጂስት ጋ ሊልኩን ይችላሉ? የካንሰር ሐኪማችሁ ስልክ አንስቶ እንዲጠይቅላችሁ አታፍሩ።

4. ውጭ ያለውን ሆስፒታል ደግሞ፦ "ሮቦት አላችሁ?" ሳይሆን "ይህን ብሎክ የሚሠራው ሐኪም ማነው? ስንት ጊዜ ሠርቷል? በምን ምስል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሮቦት ይዞ ልምድ ከሌለው፣ ሮቦት ሳይኖረው በሳምንት በሳምንት የሚሠራውን እኔ እመርጣለሁ።

5. ስንመለስ ማን ይከታተላታል? ህመሙ ከ4 ወር በኋላ ቢመለስ ለሁለተኛ ጉዞ የሚሆን ገንዘብ ይኖረናል?

6. መንገዱን ትችለዋለች? ጉዞው ራሱ ከቀሯት ጥሩ ሳምንታት ስንቱን ይወስዳል?

በአረብ ሀገራት ላላችሁ ወይም በዚያ በኩል ለምታልፉ፦ ሞርፊንና ትራማዶል ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ቅድመ ፈቃድና ያለ ሐኪም ማስረጃ ይዞ መግባት እስከ እስር ሊያደርስ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የምትገቡበትንና የምታልፉበትን ሀገር ሕግ አጣሩ።

🔹 አስቸኳይ! ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬዱ

⚠️ ድንገተኛ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል። ብሎክ የተሠራለትም ይሁን ያልተሠራለት፣ ይህ የህብለ ሰረሰር መጨፍለቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገ እናያለን አይባልም።

⚠️ ከብሎክ በኋላ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ህመም፣ ራስን መሳት።

⚠️ ሞርፊን የሚወስድ ሰው በቀላሉ የማይነቃ ከሆነና ትንፋሹ በጣም ከዘገየ።

🔹 ዛሬ ማታ የምትሠሩት ሥራ

የእኛ ሰው ህመሙን ይደብቃል። እናት "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው" ትላለች፤ ልጆች እንዳይጨነቁ። ልጆችም በሽታውን ከእሷ ይደብቃሉ፤ እንዳትደነግጥ። በመሃል ሐኪሙ ምንም ሳይሰማ ቀጠሮው ያልቃል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙ። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ "ህመሙ ከ10 ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። 0 ማለት ምንም፣ 10 ማለት ሊታሰብ የማይችል ህመም። ቁጥር ለሚያስቸግራቸው ትልልቅ ሰዎች በጣት ያሳዩ። የት እንደሚያም፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት እንደወሰደች ጻፉ። የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይዛችሁ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ቁጥሩ ከ4 በላይ እየሆነ ከቀጠለ እንዲህ በሉ፦ "ህመሙ አልተቻለም። መድኃኒቱ ይስተካከል፤ ነርቭ ብሎክ ይጠቅማት እንደሆነም ይታይልን።"

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ ሐኪማችሁን የሚተካ አይደለም። ካንሰር የሚያስታምም የምታውቁት ቤተሰብ ካለ ዛሬውኑ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።